የምስሉ ቀኝ ጎን

ጥቅምት ፫ ቀን

ከእናቴም ከአባቴም በኋላ ሁለቱንም ሆነው ላሳደጉኝ ለክቡር አጎቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤቱ፣ የስፌት መኪናዋ፣ ልብሳቸው እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁት ደንበኞችዎ ሁሉ እንደምን ናቸው? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው።

ደብዳቤዎና የሰፉልኝ ሱሪ አብረው ደረሱኝ። ሱሪው ልክክ ብሎልኛል። ለሥራ አላዋልኩትም፤ ለእሑድ አስቀምጬዋለሁ። እጅዎ ይባረክ።

ያሳሰበኝ የቴሌቪዥኑ ነገር ነው። ምስሉ እንደ ወለል ንጣፍ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል፣ ሰው እያወራ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል ብለው ጽፈውልኛል። በስልክ እንዳላስረዳዎ «በስልክ የነገርከኝን እጄ ገመዱ ጋ ሳይደርስ እረሳዋለሁ፤ ጽፈህ ላክልኝ፣ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ» ብለዋል። ስለዚህ በሚቻለኝ መጠን አስተካክዬ እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም፣ እዚህ ሰው አገር ከቡድናችን አለቃ ጋር ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ የቴሌቪዥን ኬብል ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የምንጎትተው እኛ ነንና፣ ስለዚህ ነገር ጥቂት አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ሪሲቨሩን ከመብራት ይንቀሉት። ከግድግዳው የሚመጣው ክብ ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ እየተሽከረከረ የሚጠብቅ ነው። ፈተው ውስጡን ይዩ፤ መሃሉ ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ያለች ቀጭን መዳብ አለች። ተጣማ ከሆነ በቀስታ ያቅኗት፤ ከዚያም መልሰው በጣትዎ ያጥብቁት። በፒንሳ አይሁን፣ አንገቱ ይሰበራል። ሲያበሩት በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ የሲግናሉን ኃይል የሚያሳይ መስመር አለ። አረንጓዴ ከሆነ ነገሩ አብቅቷል፤ ቀይ ከሆነ ይጻፉልኝ።

እስከዚያው በሐሳብ እንዳልቆይ መልስዎን አያዘግዩ።

ሁልጊዜም የሚያከብርዎ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር ፲፱ ቀን

ይድረስ ለሽቦዬ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፣ አትጨነቅ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ልጅ ሳለህ ቅጥነትህን አይቼ «ሽቦ» አልኩህ፣ ይኸው ሽቦ ጎታች ሆነህ አረፍከው። ይህን ባውቅ ኖሮ «ባለጠጋው» እልህ ነበር።

ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። ገመዱ ላልቶ ኖሯል፤ አጠበቅሁት። ንጣፉም ጠፋ፣ ሰውዬውም አፉን ዘጋ፣ መስመሩም አረንጓዴ ሆነ። ደንበኞቼ አጨበጨቡልህ። ከመንገዱ ማዶ የተሰፋ ልብስ የሚሸጠው ሰውዬ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ሰው ይጠራበታል፤ የእኔ ከጠፋ አግዳሚዬ ላይ የሚቀመጥ አይኖርም።

ተመስገን ብዬ ልቀመጥ ስል ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የምስሉ ቀኝ ጎን ይደበዝዛል። ዜና የሚያነበው ሰውዬ ጆሮው አንድ ብቻ ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ ተለግታ ትሄድና በዚያው ትቀራለች፤ ጎል ይሁን ውጪ የማውቀው ከደንበኞቼ ጩኸት ነው። ከኬብል ቢሮ አንድ ጎረምሳ ልከውልኝ ነበር። ቆሞ አየና «ጋሼ፣ ምስሉ እኮ እንደ መስታወት ነው» አለኝ። እኔም «አንተ ልጅ፣ ሥራህን የምትሠራው ዐይንህን ጨፍነህ ነው?» ብዬ ሸኘሁት። አኩርፎ ሄደ።

ላስቸግርህ አልፈልግም። ቢመችህ ግን ለመኪናዬ የሚሆን ደማቅ አምፖል ፈልግልኝ፤ የዚህ አገሮቹ ከሻማ አይሻሉም። ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌም ብታገኝ መልካም ነው። ፋብሪካዎቹ ዘንድሮ በቀዳዳ መሰሰት ጀምረዋል። ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ጎረቤቴ ባለክሯ እየመጣች ታስገባልኛለች፤ እያስገባችም ታላግጥብኛለች።

ሰላም ሁን። ከፍታ ላይ ስትወጣ ተጠንቀቅ።

አጎትህ


ታኅሣሥ ፳ ቀን

ለክቡር አጎቴ፤

ደብዳቤዎ በሰላም ስለገባልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ጽሕፈትዎ ከወትሮው ተለቅ ማለቱን አስተውያለሁ። የእኔን አነስተኛ ንባብ አስበው ከሆነ እጅግ አመሰግናለሁ።

አምፖሉንና መርፌዎቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ስለ ምስሉ ቀኝ ጎን ብዙ አሰብኩ። እርስዎ የሚቀመጡት ከመኪናዋ ኋላ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ደግሞ ወደ አግዳሚው ዞሮ ነው። እንዲህ ያሉት ስስ ቴሌቪዥኖች ከጎን ሲያዩአቸው ይደበዝዛሉ። የተላከው ሠራተኛ ፊት ለፊት ቆሞ ስላየ ጥርት ብሎ ታይቶታል፤ እርስዎ ከጎን ስለሚያዩ አልታየዎትም። ሁለታችሁም እውነተኞች ናችሁ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ወደ መኪናዋ ያዙሩት፣ ወንበርዎን ያስጠጉ፣ ብርሃኑንም በሪሞቱ ይጨምሩ።

ይህ ካልረዳ የአለቃችንን ሕግ ይከተሉ። እርሱ «ጥፋት የሚያዘው አንዱን ብቻ እየለወጡ ነው፤ ሁለቱን አንዴ የለወጠ ሰው የትኛው እንደነበር ሳያውቅ ይሞታል» ይላል። ሌላም አባባል አለው፤ አንዱ ጥፋት ሌላውን ከጀርባው ይደብቃል፣ የመጀመሪያውን ስታገኝ መሣሪያህን አትሰብስብ ይለናል። እንግዲህ በመጀመሪያ ገመዱን ብቻ ይለውጡ። ቀጥሎ ሲግናሉን ለሁለት የምትከፍለውን ትንሿን ማከፋፈያ ያንሡ። ከዚያ ሪሲቨሩን፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥኑን።

ለምን እንደሆነ ባላውቅም ልቤ አልተረጋጋም። ቶሎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት ፳፮ ቀን

ይድረስ ለሽቦዬ፤

መዘግየቴን አውቃለሁ። ክንዴ ተጋግጦ ነበር፣ አሁን ድኗል። መንገድ ስሻገር አንድ ባለብስክሌት በቀኜ በኩል ከመሬት በቅሎ መጣና ገፍትሮ ጣለኝ። እሱ ብሶ «ጋሼ፣ ደወል እያሰማሁ፣ እያዩኝ ገቡብኝ» ይለኛል። የዘንድሮ ሰው በድሎም ከሳሽ ነው።

ሕግህን ተከትያለሁ። ቴሌቪዥኑን ወደ እኔ አዞርኩት፣ ብርሃኑንም ጨመርኩት። ደንበኞቼ «ፀሐይ ነው እንዴ የሰቀሉብን?» ብለው ፊታቸውን በጋዜጣ ከለሉ። ገመዱን ለወጥኩ፤ ያው ነው። ማከፋፈያዋን ነቅዬ ወረወርኳት፤ ያው ነው። ሪሲቨሩን ቢሮ ወስጄ በአዲስ አስቀየርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ባለክሯ የራሷን ቴሌቪዥን አሸክማ መጣች፣ ገመዱን ሰካንባት። የእሷም ቀኝ ጎን የለውም። እሷ ግን አጠገቤ ተቀምጣ «ኧረ ጥርት ያለ ነው» ትላለች። ሰው በትንሽ ነገር ይደሰታል፤ ለግማሽ ምስል ሙሉ ይከፍላል።

ስለዚህ የተበላሸው ከምሰሶው የሚመጣው ሲግናል ራሱ ነው። ለቢሮው ኃላፊ ክስ ልጽፍ ነው። ያን ጎረምሳም ስሙን ጠርቼ እከሰዋለሁ፤ ከሥራው ቢያባርሩትም አያሳዝነኝም።

ሙሉ ልብስ መቀበል ትቻለሁ። ዘመኑ የጥገና ነው። ጥገና ደግሞ በእጅ ዳሰሳም ይሠራል።

ጭንቀታም መሆንህን ስለማውቅ እደግመዋለሁ፤ ደህና ነኝ።

አጎትህ


መጋቢት ፲፪ ቀን

ለክቡር አጎቴ፤

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ መልሱንም ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

የጻፉትን በምሳ ሰዓት ለአለቃዬ በቋንቋው ነገርኩት። እርሱ መሰላሉ ላይ ነበር። ገመዱ መለወጡን ጠየቀኝ፤ ተለውጧል አልኩት። ሪሲቨሩንም፣ ቴሌቪዥኑንም ጠየቀኝ፤ ሁሉም ተለውጠዋል አልኩት። እዚያ ቤት ሌላ የሚያይ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። አለች፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል ትላለች አልኩት። ከመሰላሉ ወረደ።

«እንግዲያው ያልለወጣችሁት አንድ ነገር ብቻ ነው» አለና በጣቱ የገዛ ዐይኑን አሳየኝ።

አጎቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዘመን ሲግናል ሲደክም ምስሉን ይሰባብራል፣ ያደርቃል፣ ወይም ጨርሶ ያጠፋል። አያደበዝዝም። አንዱን ጎን መርጦም አይበላም። ይህን ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ተኝቼም እመልሰው ነበር፤ ነገሩ የእርስዎ ሲሆን ግን ዕውቀቴ ጥሎኝ ሸሸ። ይባስ ብዬ ወንበር ያስጠጉ፣ ብርሃን ይጨምሩ እያልኩ ወራት አባከንኩብዎ።

የመርፌው ቀዳዳ አልጠበበም። አምፖሉ አልደከመም። ባለብስክሌቱም ከመሬት አልበቀለም፤ በቀኝዎ በኩል ሲመጣ ነው ያላዩት። ስለ ሱሪውም እውነቱን ልናገር። ለእሑድ ያስቀመጥኩት ከአክብሮት ብቻ አልነበረም። የቀኝ እግሩ ስፌት ከጉልበት በታች ወደ ፊት ዞሮ ይሄዳል። የእርስዎ እጅ እንዲህ ሲሠራ ከቶ አይቼ ስለማላውቅ፣ ጥድፊያ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እባክዎ አንድ ሙከራ ያድርጉልኝ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ግራ ዐይንዎን በመዳፍዎ ሸፍነው የምስሉን መሃል ይዩ። ስንት ማዕዘን ይታይዎታል? ከዚያ ቀኙን ሸፍነው እንዲሁ ያድርጉ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ ሳምንት ዐይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የአለቃዬን ወንድም እንዲህ ያለ ሕመም አግኝቶት ነበር። የወሰደውን አይመልስም፤ ለቀደመው ሰው ግን የተረፈውን ይተውለታል ይላል አለቃዬ። የእርስዎ እንጀራ ዐይንዎ ነው፤ ለእኔም ከዓለም ላይ የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

ክሱን አይላኩት። ልጁ እውነቱን ነበር የነገረዎ።

ቢቀየሙኝም ይህን ወረቀት አይቅደዱት።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ ፲፭ ቀን

ለክቡር አጎቴ፤

እስካሁን መልስ አልመጣም። ስደውል አነሡልኝ፣ «ደህና ነኝ» ብለው ዘጉት። የመኪናዋ ድምፅ ከጀርባዎ አልተሰማኝም። የቴሌቪዥኑም አልተሰማኝም።

ጨንቆኝ ለባለክሯ ደወልኩ። ሱቅዎ ከተዘጋ መሰንበቱን፣ ምግብ ስታመጣልዎ በር ላይ ተቀብለው እንደሚመልሷት ነገረችኝ። «ምን ብለህ ነው የጻፍክለት አንተ?» ስትለኝ ልነግራት ጀምሬ ነበር። የእርስዎን ጉዳይ ያለ ፈቃድዎ ማውራት መሰለኝና ተውኩት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ትናንት ሐሳቤ ከእርስዎ ጋር ስለነበር ገመዱን ወደ ማይሆን ክፍል አስገባሁትና ግድግዳ ተፈርሶ ወጣ። አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ይስደቡኝ። ይርገሙኝ። ብቻ ተቆጥተውም ቢሆን ይጻፉልኝ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድዎንም ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት ፲፱ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

አስቀድሜ የስድብህን ድርሻ ልስጥህ። ጢምህ ሳይበቅል ሱሪ ያለበሰህን ሰው ስፌትህ ጠማማ ነው ትለዋለህ? ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ከግድግዳው ላይ የቀድሞዎቹንም ገነጣጠልኳቸው። ሱቁን ዘጋሁ። አንተን ላሳፍርህ ብዬ ቴሌቪዥኑን አብርቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ ቀኜን ሸፈንኩ። ግራዬ አየ፤ ቀኝ ዳሩ ቢጎድልም አየ። ከዚያ ግራዬን ሸፈንኩ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ድምፁ አለ፣ ምስሉ ግን ጭላንጭል ሆነ። ቤቱም ጨለመ። «መብራት ሄደ እንዴ?» ብዬ ተጣራሁ። ባለክሯ ከደጅ «የለም፣ አለ» አለችኝ። እጄን አነሣሁ፤ መብራቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ለመጻፍ አቅም አጣሁ። አንተ አዲስ ነገር የነገርከኝ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ክር ማስገባት ያቃተኝ ቀን ልቤ አውቆታል። ግን ዐይኑ ለከዳው ልብስ ሰፊ ጨርቁን የሚሰጥ ማን ነው? ስለዚህ በቴሌቪዥኑ ላይ አላከክሁ። እሱ አይቀየመኝም፣ ለሰውም አያወራም ብዬ። ለአንተ የጻፍኩልህም ሳትነግረኝ የምታድነኝ መስሎኝ ይሆናል።

የሚያዝያው ደብዳቤህ ሲመጣ ባለክሯን ጠርቼ አነበብኩላት። አላላገጠችብኝም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «ተነሥ» አለችኝ፣ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዐይን ውስጥ ያለው ግፊት ነው የሚገድለው አለች። ቀኙ አልቆለታል፤ የሚመልሰው የለም። ግራው ከአፍንጫዬ በኩል መበላት ጀምሮ ነበር። ጠዋት ማታ ጠብታ አደርጋለሁ፣ እስከ ዕድሜ ልኬ። እንዳለ ቢቆይልኝ ተስፋ አላት። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ እሷም የምትለኝ አይኖራትም ነበር።

ክሱን ቀድጄዋለሁ። ያን ጎረምሳ አስጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁትና ካሣ ይሁንህ፣ ሱሪህን በነፃ ልጠግንልህ አልኩት። ሁለት እጁን ሱሪው ላይ ጭኖ ወደ ኋላው አፈገፈገ፤ «ጋሼ፣ ሱሪዬ ደህና ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቅ ጀምሬያለሁ።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ሐኪሟ ሥራ ተው አላለችኝም፣ ቀጥልም አላለችኝም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሱሪ ልኬልሃለሁ። ክሩን ባለክሯ ከማስገባቷ በቀር ማንም አልነካውም። እዚህ ያሉት ሁሉ «አምሯል» ይሉኛል፤ አዝነውልኝ ይሁን እውነት ይሁን አላውቅም። አንተ ልበሰውና ፍረድ። መኪናዋን ልሽጣት ወይስ ላቆያት በአንተ ቃል ነው። «ልክክ አለልኝ» ብለህ ለእሑድ ካስቀመጥከው ግን፣ ሁለተኛ ከእኔ ደብዳቤ አትጠብቅ።

አጎትህ


ሰኔ ፲፭ ቀን

ለክቡር አጎቴ፤

ግራው ዐይንዎ እንዳለ ይቆይልኝ። ከዚህ ሌላ ምርቃት ለጊዜው አላውቅም።

ሱሪው ደርሶኛል። ከመልበሴ በፊት መስኮት ላይ ዘርግቼ፣ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከትዬ አየሁት። ወገቡ ንጹሕ ነው። ኪሶቹ ከድሮው ሥራዎ አይለዩም። የግራው እግር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የቀኙ ግን ከጉልበት በታች አሁንም ከመስመሩ ይወጣል። ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ ግን ይወጣል።

ይህን ስጽፍ «ልክክ ብሎልኛል» የሚለው ቃል ብዕሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት።

ለእሑድ አላስቀመጥኩትም። ዛሬ ለብሼው ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ከታች ሆኖ መሰላሉን እንደያዘ እግሬን ሲመለከት ቆየና «ይኸኛው ገመድ ደግሞ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ። የአጎቴ እጅ ነው አልኩት። ከዚያ ሥራችንን ትተን ስለ እርስዎ አወራን። መኪናዋ ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ ጠየቀኝ፣ በባዶ ካርቶን ላይ ሣልኩለት። መርፌዋ ከደረትዎ ትክክል ነው የምትወርደው፤ የጨርቁን ጠርዝ የሚጠብቁት ደግሞ ከመርፌዋ በስተቀኝ ነው። ይኸውም ግራው ዐይንዎ የማይደርስበት ስፍራ ነው።

ስለዚህ መኪናዋን አይሽጧት። ሙሉ ልብስ ግን ገና አይቀበሉ። ወንበርዎን ከመኪናዋ ፊት ወደ ቀኝ ይሳቡት፤ መርፌዋም ጠርዙም በግራ ዐይንዎ ፊት እስኪወድቁ ድረስ። አምፖሉን አይንኩ፣ መርፌውን አይለውጡ፣ ወንበሩን ብቻ። ከዚያ ሌላ ሱሪ ሰፍተው ይላኩልኝ።

እርሱም ቢጣመም እጽፍልዎታለሁ።

ሽቦ